እትዬ ስንዱ የሰጠችኝ አደራ

የእትዬ ስንዱን ሞት የሰማሁት በቴክስት ነው። የምንሠራበት የትምህርት ቤት ኪችን ማናጀር ሮዛ ለሁላችንም ባንድ ላይ ልካዋለች፦ «ስንዱ ዛሬ ጠዋት ሆስፒታል ውስጥ አርፋለች። በጣም አዝናለሁ።» ወሩ ፌብሩዋሪ፣ ዓመቱ 2021 ነበር። አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ቆሜያለሁ። የሥራ ጓደኞቼ መልስ መጻፍ ጀመሩ፤ ልብ የላከ አለ፣ መስቀል የላከ አለ። እኔ «ነፍስ ይማር» ብዬ ጻፍኩና አጠፋሁት። እንደገና ጻፍኩ፣ እንደገና አጠፋሁት። አውቶቡሱ መጥቶ ሄደ፤ አልተሳፈርኩም።

አገር ቤት ቢሆን ለመርዶ ሽማግሌ ይላካል፣ ሰው ደግፎ ይይዛል። እኔ ግን ሰው ቢኖርም ጮኼ የማለቅስበት ፊት አልነበረኝም። ለእትዬ ስንዱ ልነግራት የሚገባኝ አንድ ነገር ነበር። አራት ወር ያህል በየጠዋቱ መኪናዋ ውስጥ አጠገቧ እየተቀመጥኩ ሳልነግራት ቀረሁ።

ያወቅኋት በ2018 ነው። በዲቪ ከናዝሬት አሜሪካ መጥቼ ዳውንታውን አንድ ሆቴል ውስጥ አንሶላ አጥብ ነበር። ሁለታችንም የምንኖረው ሰንራይዝ ማነር በሚባል ሰፈር፣ አንድ አፓርትመንት ግቢ ውስጥ ነው። አንድ እሁድ በግቢው የልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ የራሴን አንሶላ ሳጣጥፍ አየችኝና ሳቀች።

«ሳምንቱን ሙሉ የሰው አንሶላ፣ እሁድ ደግሞ የራስሽን! አንቺ ልጅ፣ እኔ የምሠራበት ትምህርት ቤት ኪችን ሰው ይፈልጋሉ። ቅዳሜና እሁድ ዝግ ነው፤ ነይና አመልክቺ።»

አመለከትኩ፤ ተቀጠርኩ። በመጀመሪያው ቀን «እትዬ ስንዱ፣ ይቺን የት ላድርግልዎ?» ስላት ትሪውን ከእጄ ነጠቀችኝ። «አብረን ሽንኩርት እየላጥን ‹እርስዎ› አትበይኝ። እርጅናዬን ታስታውሺኛለሽ።» ከዚያ ወዲህ «አንቺ» አልኳት፤ «እትዬ»ን ግን አልጣልኩም።

ዕድሜዋ ስልሳን አልፏል። አሜሪካ ከመምጣቷ በፊት ደሴ ውስጥ በአንድ የልጃገረዶች አዳሪ ትምህርት ቤት ሞግዚት ሆና አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርታለች። ፍሬን የምትይዘው ነፍስ እስኪወጣ ነው፤ «ቀስ በይ» ካልኳት ደግሞ «በደንብ ቆመናል አይደል?» ትላለች። ሲሳሳቱባት ይቅር ትላለች፣ ራሷ ስትሳሳት ግን ይቅርታ አትጠይቅም። ቁም ነገር ልትናገር ስትል እጇ ደረቅ ቢሆንም እንኳ በሽርጧ ሁለት ሦስቴ ትጠርገዋለች። እጇን መጥረግ ከጀመረች ሮዛ ራሷ ወደ ኋላ ትሸሽ ነበር፤ ብዙ ጊዜ የሚጣሉት ልጆች ሳይከፍቱ በሚመልሱት ወተት ነው። ደንቡ ይጣል ይላል፤ እትዬ ስንዱ አይጣልም ትላለች።

አንድ አባባል ነበራት። «ልጅ እየበላ አይጠየቅም።» ረፍዶበት የመጣ፣ ሲያለቅስ የመጣ፣ ተጣልቶ የመጣ ልጅ ሁሉ መጀመሪያ ትሪ ይሰጠዋል። ጥያቄ ከዚያ በኋላ ነው።

ሜላት የምትባለው ልጅ እዚያ ትማር ነበር። የእናቷ ስም አዜብ ነው፤ እኔና አዜብ አንድ የአማርኛ ቤተ ክርስቲያን እንሄዳለን፣ የጴንጤ ቤተ ክርስቲያን። ሜላት ያኔ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ዝምተኛ ናት። ብዙ ጊዜ ለእኛ መስኮት ቅርብ ያለው ጠረጴዛ ጫፍ ላይ ብቻዋን ትበላለች። አንድ ቀን ፀጉሯን እንደ ወንድ አሳጥራ ተቆርጣ መጣች። ሰልፉ ላይ ያሉ ሴቶች ልጆች ሳቁባት፤ አንዷ የማይደገም ነገር አለቻት። እትዬ ስንዱ እንግሊዝኛው ሁሉ ባይገባትም ሳቁ ገባት። የፀጉር መረቧን አወለቀች። ሽበት የጣለበት ረጅም ሹሩባ ነበራት።

«ሜላት፣ ማነው የቆረጠሽ? በጣም ያምራል። እኔንም ይቆርጠኛል?»

ሁላችንም ቀልድ መሰለን። ሰኞ ዕለት ስትመጣ ግን ፀጉሯ እስከ ጆሮዋ ድረስ ተቆርጧል። በእኛ አገር ትልቅ ሴት ፀጉሯን እንዲያ የምትቆርጠው ሐዘን ሲደርስባት ስለሆነ በሐበሻ ሱቁ፣ በአፓርትመንቱ፣ በመንገዱ ያገኛት ሁሉ «ውይ ስንዱ፣ ማን ሞተብሽ?» ይላታል። «ማንም አልሞተ። ሞቆኝ ነው» ትላለች። ሜላት ስታያት አፏን ይዛ ቀረች፤ ከዚያ እሷን ካወቅኋት ጀምሮ ሰምቼው የማላውቀውን ሳቅ ሳቀች።

የትምህርት ቤቱ አማካሪ በሯ ላይ የለጠፈችው አንድ ስቲከር ነበር፤ ቀስተ ደመና። እትዬ ስንዱ ወደደችውና ለመስኮታችን አንድ ጠየቀች። «የማርያም መቀነት ነው፤ ምግብ ቤት ላይ ያምራል» አለችኝ። እኔ ነገሩን አውቄ ስለነበር «እትዬ፣ እሱ የጌይ ልጆች ምልክት ነው። እዚህ መጥታችሁ ብትናገሩ አንጎዳችሁም ማለት ነው» አልኳት። ስቲከሩን በእጇ እንደያዘች አሰበች። እጇን በሽርጧ ጠረገች።

«ታዲያ እኛ እንጎዳቸዋለን?»

«አይ፣ እንዲያ ማለቴ ሳይሆን…»

«እንግዲያው እውነት ነዋ የሚለው» አለችና ለጠፈችው።

በ2020 ማርች ትምህርት ቤት ተዘጋ። ልጆቹ ከየቤታቸው በላፕቶፕ መማር ጀመሩ፤ እኛ ምግብ በከረጢት እያደረግን በር ላይ ማደል ጀመርን። መኪኖች ይሰለፋሉ፣ በመስኮት እናቀብላለን። ጭንብል፣ ጓንት፣ ከላይ የበረሃ ፀሐይ። አዜብ በካዚኖ ሆቴል ክፍሎች ታጸዳ ነበር፤ ካዚኖዎቹ ሲዘጉ ሥራዋን አጥታ ቤት ዋለች። ምግቡን ለመውሰድ በእግሯ የምትመጣው ሜላት ናት። እትዬ ስንዱ የዕረፍት ሰዓቷን ሜላት እስክትመጣ ድረስ ታቆያለች። ሁለቱም ከአጥሩ ሥር፣ ጥላው ውስጥ፣ ተራርቀው ይቆማሉ፤ ያወራሉ። ጄቶች ከኔሊስ የጦር ሰፈር ተነስተው በላያችን ሲያልፉ ወሬያቸውን ያቋርጡና ድምፁ ሲርቅ ይቀጥላሉ።

ኦገስት ውስጥ አንድ ቀን ባዶ ሳጥኖች ልጥል በአጥሩ ጀርባ ሳልፍ ሰማኋቸው። አላዩኝም።

«እትዬ፣ እኔ፣ ላይክ… ወንድ አልወድም። ሴት ልጅ ነው የምወደው» አለች ሜላት። «ማሚ ካወቀች ትገድለኛለች።»

«ትገድልሻለች ወይስ ትቆጣለች? ለይተሽ ንገሪኝ።»

«ትቆጣለች። ታለቅሳለች። ፓስተር ትጠራለች። አላውቅም። አንዳንዴ ጠዋት መነሳት ራሱ አልፈልግም።»

«መነሳት አልፈልግም ማለት ደክሞኛል ማለት ነው ወይስ መኖር አልፈልግም?»

ሜላት አልመለሰችም። አንድ ጄት አለፈ። እትዬ ስንዱ ድምፁ እስኪርቅ ጠብቃ፣ «እዚሁ ቁሚ። የትም አትሂጂ» አለቻትና ስልኳን አወጣች። ለአማካሪዋ ደወለች። በዚያ በተሰባበረ እንግሊዝኛዋ «ልጅ አለች፣ አሁን፣ ዛሬ፣ ነገ አይሆንም» ስትል ሰማኋት። አማካሪዋ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ደረሰች። እትዬ ስንዱ እስከዚያ ድረስ ከልጅቷ አጠገብ አልተነቃነቀችም፤ ሮዛ ሁለቴ ብትጠራትም አልሄደችም።

ወደ ቤት ስንመለስ መኪና ውስጥ ሰምቼ እንደነበር ነገርኳት። «እናቷ ማወቅ የለባትም ወይ?» አልኳት።

«ልጅቷ ስትችል ትነግራታለች። ነገሩ የእሷ ነው፤ የእኛ አይደለም።»

«እትዬ፣ ግን ይሄ ነገር እኮ ኃጢአት ነው። አንቺስ ትደግፊዋለሽ?»

መሪውን እንደያዘች ከጭንብሏ በላይ አየችኝ። «ሂሩት፣ እኔ ቄስ አይደለሁም፤ ምሳ አዳይ ነኝ። ልጅቷ መኖር አለባት፤ ሌላውን እሷና ፈጣሪዋ ይነጋገሩበት።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ለማንም እንዳትናገሪ። አደራ።»

«እሺ» አልኳት።

በሦስተኛው ሳምንት ለአዜብ ነገርኳት።

ቅዳሜ ጠዋት ነበር። ቤተ ክርስቲያናችን ስለተዘጋ ጸሎቱ በስልክ ነው። ጸሎቱ ሲያልቅ አዜብ ጋ ደወልኩ። «እህት አዜብ፣ በፍቅር ነው የምነግርሽ። ወሬ አይደለም፤ የጸሎት ርዕስ እንዲሆንሽ ነው» ብዬ ጀመርኩ። የሰማሁትን በሙሉ ነገርኳት፤ ማን ከማን ጋር እንደቆመ፣ ምን እንደተባለ። መነሳት አልፈልግም ያለችውን ግን አልነገርኳትም። ለምን እንደተውኩት እስከ ዛሬ አላውቅም። አዜብ እስክጨርስ አዳመጠችኝ። ከዚያ እያለቀሰች «እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንዳንቺ ያለ እህት ማን አለኝ?» አለችኝ።

ከዚያ ሜላት ምግብ ለመውሰድ መምጣት አቆመች። ስልኳ እንደተወሰደ፣ ፓስተሩና ሁለት ሽማግሌዎች በየሳምንቱ ቤታቸው እየሄዱ እንደሚጸልዩላት በጸሎት መስመሩ ላይ ሰማሁ።

አንድ ረቡዕ አዜብ ራሷ መኪና እየነዳች መጣች። ሰልፉን ጠብቃ እኛ ፊት ስትደርስ መስኮቱን አወረደች።

«ልጄን ያበላሸሻት አንቺ ነሽ! ፀጉሯን አስቆረጥሽ፣ ምስጢር አስያዝሽ! እኔ እናቷ እያለሁ አንቺ ማን ነሽ?»

ከኋላ መኪኖች ጡሩምባ ይነፋሉ። እትዬ ስንዱ በሁለት እጇ ከረጢት እንደያዘች ቆማለች።

«አዜብ፣ ስደቢኝ። ግን ልጅቷን ብቻዋን አትተያት። እየበላች ነው? ጠዋት ትነሳለች?»

አዜብ ምግቡን ሳትቀበል መኪናዋን አስነስታ ሄደች። እኔ ከቀጣዩ መኪና አጠገብ ነበርኩ፤ ወተት እያቀበልኩ። አንገቴን ቀና አላደረግሁም።

አዜብ ለትምህርት ቤቱም አቤት ብላ ነበር። እትዬ ስንዱ አማካሪዋን መጥራቷ ትክክል ነው ተብሎ በዚያ በኩል ምንም አልደረሰባትም። የሐበሻው ግን ሌላ ነው። የማኅበር ተራዋ ሲደርስ «በኮሮና ምክንያት» ተብሎ ታለፈ፤ ከእሷ ቀጥላ ያለችው ተረኛ ግን ሰው ጠራች። በሐበሻ ሱቁ «እማማ» ብሎ ይቀበላት የነበረው ሰውዬ በርበሬውን መዝኖ ዝም ብሎ ያቀብላት ጀመር። በርበሬውን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ስንወጣ ግን «ዛሬ በርበሬው ጥሩ ነው» አለችኝ።

አንድ ጠዋት ወደ ሥራ ስንሄድ ቀይ መብራት ላይ ቆምን።

«ሂሩት፣ ለአዜብ ማን ነገራት?»

«አላውቅም» አልኩ።

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። አልነዳችም። ከኋላ ያለው መኪና ጡሩምባ ነፋ። «እሺ» አለችና ነዳች። ትምህርት ቤቱ ደርሰን መኪናውን ፓርክ ካደረገች በኋላ ሞተሩን አጠፋች፤ አልወረደችም።

«ደሴ ሳለሁ ሰናይት የምትባል ልጅ ነበረች። አሥራ ሰባት ዓመቷ። ከጓደኛዋ ጋር አንድ አልጋ ላይ አገኘኋቸው። ለዳይሬክተሩ ነገርኩ። ለልጅቷ ብዬ ነው አልኩ፤ ለራሴም እንዲያ ነው ያልኩት። በማግስቱ ፍራሿን ጠቅልላ፣ ተሸክማ ወጣች። የበሩ ቁልፍ በእኔ እጅ ስለሆነ የከፈትኩላት እኔ ነኝ። ‹ደህና ሁኚ እትዬ› አለችኝ። ቤተሰቦቿ ዘንድ አልደረሰችም አሉ። ጠየቅኩ፤ ብዙ ዓመት ጠየቅኩ። የት እንደገባች የሚያውቅ የለም።»

እጇን በቀሚሷ ላይ ጠረገችው። ፊቴን አላየችም። ያን ጊዜ መናገር እችል ነበር። አፌን እንኳን ከፍቼ ነበር። ነገር ግን የወጣው «ረፈደብን፣ እትዬ» የሚል ነው።

ከዚያ በኋላም በየጠዋቱ እየመጣች በሬን ታንኳኳለች። «ተነስተሻል?» ትላለች። አብረን እንሄዳለን። አንድም ቀን አልቀረችም፣ አንድም ቀን አላነሳችውም። ቢያንስ ብትቆጣኝ ብዬ የተመኘሁበት ቀን ብዙ ነው።

ጃንዋሪ ውስጥ ሳል ያዛት። «ጉንፋን ነው» አለች። በሦስተኛው ቀን አምቡላንስ ወሰዳት። ሆስፒታል መግባት ስለማይፈቀድ በስልክ ነበር የምንጠይቃት፤ እኔም ሁለት ጊዜ አነጋገርኳት። በሁለተኛው ጊዜ ትንፋሿ እየተቆራረጠ «ወተቱን ሮዛ ትጥለዋለች፤ ጠብቂው» አለችኝ። «እትዬ፣ አንድ ነገር…» ስላት ነርሷ ስልኩን ወሰደችው። በሌላ ቀን እነግራታለሁ አልኩ።

ከሞተች ሦስት ሳምንት ያህል ሲሆናት አዜብ ደወለችልኝ። ከተጣሉበት ቀን ወዲህ የእትዬ ስንዱን ስም ጠርታው አታውቅም።

«የዚያችን ሴትዮ ስልክ ስጪኝ» አለች።  «ሜላት ጠዋት ወጥታ አልተመለሰችም። ከእሷ ሌላ ማን ጋ ትሄዳለች? ሂሩት፣ ቶሎ በይ።»

«እህት አዜብ» አልኩ፣ «እትዬ ስንዱ አርፋለች።»

  «ታዲያ ልጄ የት ናት?» አለች፤ እኔን ሳይሆን ባዶውን ቤት የምትጠይቅ ነበር የሚመስለው።

የት እንደሆነች እኔም አላውቅም ነበር። ግን ከመስኮቴ የእትዬ ስንዱ በር ይታያል። ሳይ በሩ ክፍት ነው። ዕቃዋን ልትሰበስብ ከዴንቨር የመጣችው እህቷ እዚያ ነበረች። ወርጄ ገባሁ። በካርቶኖች መሀል፣ ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ አጠገብ፣ ሜላት ተቀምጣ እንቁላል በዳቦ ትበላለች።

«ማን እንደሆነች አላውቅም» አለችኝ የእትዬ ስንዱ እህት ወደ ጎን ወስዳኝ። «በሩን አንኳኳች። ‹ስንዱ ሞታለች› ብላት ‹አውቃለሁ፤ ግን እዚህ ነይ ብላኝ ነበር› አለችኝ። ምን ልበላት? ርቧታል፤ አበላኋት።»

በኋላ እንደተረዳሁት እትዬ ስንዱ ሜላትን አልተወቻትም ነበር። አማካሪዋ ከሜላት ጋር በትምህርት ቤቱ ላፕቶፕ በየሳምንቱ ትነጋገራለች፤ ሐሙስ ሐሙስ ከሥራ በኋላ «መጣሁ፣ መኪናው ውስጥ ጠብቂኝ» እያለችኝ የምትጠፋው እዚያ ቢሮ ገብታ ከስክሪኑ ፊት ለመቀመጥ ነበር። አድራሻዋን የሰጠቻትም ያኔ ነው። «ቤቱ ሲጠብሽ መንገድ ላይ አትዙሪ፤ የእኔን በር አንኳኪ» ብላታለች። ማረፏንም ለሜላት የነገረቻት አማካሪዋ ናት። ሜላት ሌላ የምታንኳኳው በር ስላልነበራት የሞተች ሴት በር አንኳኳች።

ለአዜብ ደወልኩላት። መጣች። በሩ ላይ ቆማ ካርቶኖቹን አየች፤ ልጇን አየች፤ ባዶውን አልጋ አየች። ሜላት ማኘኳን አቆመች።

«ቤት እንሂድ» አለች አዜብ።

«ፓስተሩ አይመጣም?»

አዜብ ቦርሳዋን ከትከሻዋ አወረደች። «አይመጣም።»

«ፕሮሚስ?»

«አይመጣም አልኩሽ። በልተሽ ጨርሺ፤ እጠብቅሻለሁ» አለችና ካርቶን ላይ ተቀመጠች።

ከዚያ ወዲህ ሁሉ ነገር ተስተካከለ አልልም። ስለ ነገሩ እናትና ልጅ እንደማይነጋገሩ አውቃለሁ። ፓስተሩ ግን አልሄደም፤ አዜብም ጸሎት መስመሩ ላይ የሚጠይቋትን «ልጄ ደህና ናት» ብላ ታስቆማለች። ሜላት በየሳምንቱ ከአማካሪዋ ጋር ትገናኛለች።

ትምህርት ቤት በስፕሪንግ ሲከፈት ልጆቹ በየተራ፣ በጭንብል መምጣት ጀመሩ። እኔ በእትዬ ስንዱ ቦታ መስኮቱ ላይ ቆምኩ። አንድ ቀን ሜላት መጣች። ቁመቷ ጨምሯል። ትሪውን ሳቀብላት አልለቀቅሁትም።

«ሜላት፣ ለእናትሽ የነገርኳት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ» አለች።

«ማን ነገረሽ?»

«እትዬ። ከመጀመሪያው ታውቅ ነበር። እኔ፣ ላይክ፣ በጣም ተናድጄ ነበር። እሷ ግን ‹ሂሩት ፈርታ ነው። በፈራ ሰው ቂም አትያዢ› አለችኝ።» ትከሻዋን ነቀነቀች። «ስለዚህ ኢትስ ኦኬ።»

ትሪዋን ይዛ ሄደች።

ፈርቼ አልነበረም። ያን ቅዳሜ አዜብ «እንዳንቺ ያለ እህት ማን አለኝ» ስትለኝ ልቤ ሞቆ ነበር። በዚያ ቤተ ክርስቲያን ሁለት ዓመት ስመላለስ ስሜን አስተካክሎ የሚጠራኝ እንኳ ጥቂት ነው፤ ያን ቀን ግን ሰው የሚፈልገው ነገር በአፌ ነበር። ደስ ብሎኝ ነው የነገርኳት። እትዬ ስንዱ ሰውን አይታ የምታውቅ ሴት ነበረች፤ በእኔ ላይ ግን ከእውነቱ የተሻለ ምክንያት ፈለገችልኝ። ሜላትን ጠርቼ ይህን ልነግራት ይገባ ነበር። ጀርባዋን እያየሁ ቆምኩ። ሰልፉ ረጅም ነበር። «ቀጣይ» አልኩና ለሚቀጥለው ልጅ ትሪ አቀበልኩ።